እስክጠራህ አትነቃነቅ

መጀመሪያ ያየኋት ቀን ከጫማ ጋር ስታወራ ነበር። ቀልዴን አይደለም!

ሀምዳን እባላለሁ፤ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ደማም፣ አል መዝሩዒያ ሰፈር፣ የአንድ ቤተሰብ ሾፌር ሆኜ ስሠራ አምስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ማዳም ረቡዕ ረቡዕ ኾባር ያለችውን እህቷን ልትጠይቅ ትሄዳለች። እኔ አድርሻት፣ ግቢው ውስጥ ጥላ ፈልጌ፣ እስክትወጣ መጠበቅ ነው። ያን ቀን እንግዳ በዝቶ ሳሎኑ በር ላይ ሃያ ጥንድ የሚሆን የሴት ጫማ ተዝረክርኳል። አንዲት ልጅ ቁጢጥ ብላ ጫማዎቹን የምታስተካክል መሰለኝ። ግን አታስተካክልም። አንዱን ባለ ተረከዝ ጫማ ወደፊት ታመጣለች፣ ሁለት ጥቋቁር ነጠላ ጫማዎችን ወደ ግራ ትገፋለች፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታያለች፣ ደግሞ ታነሳቸዋለች። ሰው ላይ ማፍጠጥ ነውር ነው ብዬ ፊቴን አዞርኩ።

«አንተ! ጀርባህን አትስጠኝ አላልኩህም?»

በአማርኛ! ደንግጬ ዞርኩ።

«ይ... ይቅርታ እህቴ፣ ላለማየት ብዬ ነው።»

እሷ ከእኔ ብሳ ደነገጠች። «ውይ ያረቢ! አበሻ ነህ እንዴ?»

«ነኝ።»

«ሰምተኸኛል?»

«ጫማውን ስትቆጪው? ሰምቻለሁ።»

በሻርፗ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች። እኔማ በልቤ «ምስኪን፣ ሥራ በዝቶባት አእምሮዋ ተነክቷል» እያልኩ ነበር። እሷ ግን ባለ ተረከዙን ጫማ አንስታ አሳየችኝ።

«ይሄ አባትየው ነው። እነዚህ ሁለቱ ሴት ልጆቹ ናቸው። ለማን ሊድራቸው እንዳሰበ እየነገራቸው ነው። እሱ እንዲህ ከቆመ ግን የልጆቹን ፊት ይጋርዳል። ተመልካቹ ምን ያያል?»

«ተመልካቹ ማነው?»

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ የሆነ ነገር በርቷል።

«እስካሁን አልነበረም» አለች። «አሁን አንተ ነህ።»

ከውስጥ «ሰልሰቢል! ተዓሊ!» ብሎ የሚጠራት ድምፅ መጣ። ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ አባቱንም ልጆቹንም በየጥንዳቸው ደርድራ ገባች። ስሟን ያወቅኩት እንዲያ ነው።

ወላሂ ከዚያ ቀን ወዲያ ማዳሜን «ዛሬ እህትሽ ጋ አንሄድም?» የምል ሾፌር ሆንኩ።

በየረቡዑ፣ ቆሻሻ ልታወጣ ወይ በረንዳ ልትጠርግ ስትመጣ አምስት አምስት ደቂቃ እናወራለን። የደሴ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ትያትር ስትማር ነበር። ሦስተኛ ዓመት እንደጨረሰች በጦርነቱ የአባቷ ሱቅ ተዘረፈና ትምህርቷን አቋርጣ መጣች።

«ተዋናይ ልትሆኚ ነበር?» አልኳት።

«አይ፣ አዘጋጅ።»

«አዘጋጅ ምንድነው የሚያዘጋጀው?»

«ሰው» አለች። «ማን የት እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚነሳ፣ መቼ ዝም እንደሚል። ተዋናዩ ይታያል፤ አዘጋጁ አይታይም።»

«እንደ ሾፌር በይኛ! ማዳም ስትወርድ ሰው ያያታል፤ ነጂውን ማን ያየዋል?»

ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ በኋላ «ነጂው» ነበር የምትለኝ። ስትስቅ ደስ የሚለኝን ያህል፣ ሳቋ ሲያልቅ የሚመጣባት ዝምታ ያስፈራኝ ነበር። አንድ ቀን ምክንያቱን ነገረችኝ።

«ትምህርቴን ሳቋርጥ እመለሳለሁ ብዬ ፎርም ሞልቻለሁ። ሁለት ዓመት ነው የሰጡኝ። መስከረም ላይ ካልተገኘሁ ስሜ ይሰረዛል፤ የተማርኩት ሁሉ ኸላስ፣ አለቀለት!»

«ውልሽስ መቼ ያልቃል?»

«ነሐሴ።»

«ታዲያ ይደርሳል እኮ!»

«መድረሱን ይደርሳል...» አለች። «እጄ ግን ሊረሳው ነው ሀምዳን። ሁለት ዓመት ሙሉ ያዘጋጀሁት ጫማ ብቻ ነው።»

ያን ቀን ወደ ደማም ስመለስ መንገዱን ሁሉ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ኾባር፣ ቱቅባ ሰፈር ውስጥ የአክስቴ ልጅ ሰይዳ አለች። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት። እሷ ልብስ ትሰፋለች፤ ባሏ መሐመድሰዒድ ኤሌክትሪሻን ነው። ዓርብ ዓርብ እረፍት የሚያገኙ የሀገር ልጆች እነሱ ቤት ይሰባሰባሉ። እትዬ ሰይዳን «ለዓረፋ ትያትር ብታሳዩስ?» አልኳት።

«ትያትር? ማን ሊያስተምረን?»

«አለች አንዲት ልጅ።»

እትዬ ዓይኗን አጥብባ አየችኝ። «አለች አንዲት ልጅ...» ብላ ደገመችው። ሌላ ነገር ሳትጠይቅ እሺ አለች።

ሰልሰቢል ከጎረቤቷ ቤት ከምትሠራው ከኑርሀያት ጋር ዓርብ ከሰላት በኋላ መምጣት ጀመረች። እስከ መግሪብ፣ ጀንበር እስክትጠልቅ ብቻ ነው የተፈቀደላቸው። በር ላይ ጫማችንን አውልቀን በባዶ እግራችን እንገባለን። ታዲያ ያች ረቡዕ ረቡዕ አንገቷን ደፍታ በረንዳ የምትጠርግ ልጅ፣ እዚያ ሳሎን ውስጥ ቁመቷ ሁሉ የጨመረ ይመስለኝ ነበር! ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ሁሉም ይሰማታል።

መሐመድሰዒድን የኤሌክትሪክ ናስትሮ አስመጣችው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። ተንበርክካ በናስትሮ ወለሉ ላይ የመቆሚያ ቦታ ምልክት አደረገች። ትያትሩን ራሷ ናት የጻፈችው። «ደህና ነኝ እማ» ይባላል። ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ለእናቷ ስትደውል ነው። ኑርሀያት ልጅቷን፣ እትዬ ሰይዳ እናትየዋን፣ መሐመድሰዒድ ካፊሉን፣ አሠሪዋን፣ ሆኑ። ኑርሀያት ቀይ ምልክት፣ እትዬ ቢጫ፣ መሐመድሰዒድ ነጭ። መሀሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በሰማያዊ ሰነጠቀችው።

«ይሄ ባሕሩ ነው። ልጅቷ ወዲህ፣ እናቷ ወዲያ። ማንም አይረግጠውም!»

«ልጄ፣ መጸዳጃ ቤቱ እኮ ከባሕሩ ማዶ ነው» አላት መሐመድሰዒድ።

«እንግዲህ ይዋኛሉ ጋሼ!»

እኔ መናገር አልችልም፤ ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ይታሰራል። ስለዚህ መብራት ያዥ ሆንኩ። በሩ አጠገብ በአረንጓዴ ናስትሮ ትንሽ መስቀለኛ ምልክት ለጠፈችልኝ።

«ነጂው፣ ያንተ ቦታ ይህ ነው። መብራቱን ይዘህ ቁም። እስክጠራህ አትነቃነቅ።»

አልተነቃነቅኩም። ወር ተኩል ሙሉ ዓርብ ዓርብ እዚያ ቆሜ አየኋት።

አንድ ቀን ያደረገችውን እስክሞት አልረሳውም። ኑርሀያት ስልኩን ይዛ «ደህና ነኝ እማ፣ በልቻለሁ» የምትለው ቦታ ላይ ሁልጊዜ ታለቅሳለች። ሰልሰቢል አስቆመቻት።

«ኑሪ፣ ለምን አለቀስሽ?»

«ታሳዝናለቻ።»

«ልጅቷ መከራዋን እናቷ እንድታውቅባት ትፈልጋለች?»

«አትፈልግም።»

«ታዲያ እንባዋን የት ታደርገዋለች?»

ሰልሰቢል የመሐመድሰዒድን ነጭ ሸሚዝና ካውያ አምጥታ ሰጠቻት። «ስልኩን በትከሻሽ ያዢና ሸሚዙን ተኩሺ። ስለ እናትሽ አታስቢ። ኮሌታው እንዳይጨማደድ ብቻ አስቢ» አለቻት።

ኑርሀያት ኮሌታውን እያሰበች ተኮሰች። «ደህና ነኝ እማ... በልቻለሁ» አለች። ዓይኗ ደረቅ ነበር። እኛ ግን! እትዬ ሰይዳ ቃሏን ረሳች፣ መሐመድሰዒድ አፍንጫውን ሊናፈጥ ወጣ። ሰልሰቢልን አየኋት። ከኑርሀያት ጋር አብራ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት፤ ወድጃታለሁ። መውደድ ብቻም አይደለም፣ እንዲህ ያለ ሰው በዓይኔ በብረቱ ማየቴ ገረመኝ።

ከዚያ ያቺ የፈረደባት ሐሙስ መጣች።

ዓረፋ ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀረው ማዳም ከቤተሰቧ ጋር ባሕሬን ሄደች፤ እኔ ቀኑን ሙሉ ነፃ ሆንኩ። እትዬ ሰይዳን ለበዓሉ ቤቱን እኔ እንደማጸዳላት ነግሬ ገበያ ሰደድኳት። ሐሳቤ ሰልሰቢል ስትመጣ ወለሉ መስታወት መስሎ እንዲጠብቃት ነው። ናስትሮዎቹ ጫፍ ጫፋቸው ተልጦ፣ ፀጉርና አቧራ ይዞ፣ አስጠሊታ ሆነዋል። ደግሞ የሾፌር ጭንቅላት ነው ያለኝ። ለማጅ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ የለማጅ ምልክቱ ከመኪናው ይነሳ የለ? እነሱም አሁን ቦታቸውን ለምደዋል አልኩ። አንድ በአንድ ልጬ፣ በበረኪና አጥቤ፣ ወለሌን እያየሁ ፈገግ አልኩ።

ዓርብ ሰልሰቢል ጫማዋን አውልቃ ሁለት እርምጃ ገባችና ቆመች።

«ባሕሬ የት ሄደ?»

«አጸዳሁልሽ!» አልኩ በደስታ። የለማጁን ነገር አስረዳኋት። እያስረዳኋት ፊቷ ሲለወጥ አየሁ።

መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። «ሀምዳን... ኑርሀያት ምልክት ከሌላት ትጠፋለች። ሰዉ ተጠጋግቶ ነው የሚቀመጠው፤ አንድ ስንዝር ከተሳሳተች ግማሹ ሰው ፊቷን አያያትም። የጻፍኩበትን ወረቀት የማዳም ልጅ ቀዶብኛል። የቀረን ልምምድ የዛሬው ብቻ ነው።» አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ምን እንዳደርግ ጠፋኝ። ከመደርደሪያው ናስትሮዎቹን አወረድኩና ተንበረከክሁ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ኑርሀያት መጀመሪያ እዚህ ናት» አልኩ ቀዩን እየለጠፍኩ። «ስልኩ ሲጠራ ሦስት እርምጃ ወዲህ። ካፊሉ ሲገባ እዚህ ጥግ። እትዬ ከዚህ ተነስታ ባሕሩ ጋ ትደርሳለች፣ ግን ጣቷ ሊነካው ሲል አንቺ ቁሚ ትያታለሽ...»

ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭ፣ አንድ በአንድ ለጠፍኩ። በመጨረሻ ባሕሩን ሰነጠቅኩት። ኑርሀያት በየምልክቱ እየቆመች «እዚህ ነው ወላሂ! እዚህ ነው!» ትላለች። ሰልሰቢል ዞራ ዞራ አየችና በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ያንተስ?»

«ምኔ?»

«አረንጓዴዋ። ያንተ ቦታ የት ነበር?»

ወለሉን አየሁ። ግራ ገባኝ። «የእኔን... አላየሁትም» አልኳት። «እኔ የማየው አንቺን ነበር።»

እንደዚያ ዓይነት ንግግር ከአፌ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። እትዬ ሰይዳ ኑርሀያትን ጎትታ ማድ ቤት ገባች። ሰልሰቢል አረንጓዴውን ናስትሮ ተቀበለችኝና ራሷ ለጠፈችው።

ልምምዱ አልቆ ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቀረች።

«ማዳም ውል እናድስ፣ ደሞዝም እጨምርልሻለሁ ብላኛለች። ሌላ ሁለት ዓመት። ከዓረፋ በኋላ መልስ ትፈልጋለች። አንተ... ምን ትላለህ?»

ልቤ «ቅሪ!» ብሎ ጮኸ። አፌን ብዙ ከከፈትኩ ያው ቃል እንደሚያመልጠኝ አውቄ ጥርሴን ነከስኩ።

«ሂጂ» አልኳት። «የመውጫ ኹሩጅሽን አስመቺና ሂጂ።»

«በቃ? ሂጂ?»

«ሂጂ።»

«እሺ። ገባኝ» አለችና ወጣች። እኔ ሞኙ እውነትም የገባት መስሎኝ ኮርቼ አደርኩ።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ሰይዳ ደወለችልኝ። «አንተ! ልጅቷን ምን ብለህ ነው ያባረርካት?»

«እኔ? አባረርኳት?»

«ስታለቅስ ነው የዋለችው። ‹ቢወደኝ ቅሪ ይለኝ ነበር። እሱም ካልፈለገኝ ለቤተሰቤ እንኳ ልሥራ› ብላ ለማዳሟ እፈርማለሁ ብላታለች።»

ብደውልላት አታነሳም። ረቡዕ ሄድኩ፤ ቆሻሻውን ያወጣችው ሌላ ልጅ ናት። ጫማዎቹ በር ላይ ዝም ብለው ተደርድረዋል። ማየት አቃተኝ።

የዓረፋ ሦስተኛው ቀን፣ ያቺ ጠባብ ሳሎን አርባ ሴት ያዘች፤ መስኮት ላይ የተቀመጡም ነበሩ። ሰልሰቢል አንድ ጊዜ እንኳ ሳታየኝ አልፋኝ ማድ ቤት ገባች። መብራቱን ይዤ አረንጓዴዋ ላይ ቆምኩ።

ትያትሩን እንዴት ልንገራችሁ? ኑርሀያት ካውያዋን ይዛ «ደህና ነኝ እማ» ስትል ሳሎኑ ውስጥ መተንፈስ ቆመ። ከዚያ ሴቶቹ አንድ በአንድ ስልካቸውን ደረታቸው ላይ ሲያስጠጉ አየሁ። ሁሉም ብለውታል ያንን ቃል! እትዬ ሰይዳ እስከ ባሕሩ መጥታ፣ ጣቷ ሊነካው ሲል ቆመች። መብራቱን አጠፋሁ። ለቅሶውና ጭብጨባው እልልታውም አንድ ላይ ሆነ። «ማነው የሠራው? ማነው?» ይላሉ። አዘጋጇ ግን በማድ ቤቱ በር ቀዳዳ እያየች አፏን በእጇ ይዛለች። ያየኋት እኔ ብቻ ነኝ።

ሰዉ ለምግብ ወደ ውስጠኛው ክፍል ሲገባ ሰልሰቢል ናስትሮውን ልትልጥ መጣች። እኔ መብራቱን ይዤ እዚያው ነኝ።

«አለቀ እኮ። ለምን ትቆማለህ?»

«አልጠራሽኝም።»

ከኪሴ የመኪናዬን ዘይት ቅያሪ የምጽፍበትን ደብተር አውጥቼ ሰጠኋት። የወለሉን ሥዕል ለእያንዳንዱ ትዕይንት በየገጹ ሥዬዋለሁ፤ ማን የት እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚነሳ፣ ሰልሰቢል ምን ብላ እንዳረመችው ጭምር። ባሕሩ በየገጹ በሰማያዊ እስክሪብቶ አለ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ወለሉን ካጠፋሁት ቀን ጀምሮ ነው የጻፍኩት። ደግመሽ እንዳታጪው። መስከረም ላይ አስተማሪዎችሽ ሁለት ዓመት ምን ስትሠሪ ነበር ካሉሽ ይሄን አሳዪያቸው።»

ገጹን ገለጠች፤ ደግማ ገለጠች። «ይሄ እኮ የአዘጋጅ ደብተር ነው» አለች በቀስታ። «እኛ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ነው የምንማረው...»

«ሰልሰቢል፣ እወድሻለሁ» አልኩ። «ሂጂ ያልኩሽ ስለምወድሽ ነው። ቅሪ ብልሽ በየረቡዑ ሻይ ስታመላልሺ አይሻለሁ። እኔ ግን በአንድ ጥቅል ናስትሮ ባሕር ስትሠሪ ያየሁ ሰው ነኝ። ከእንግዲህ ያንን ማየት አልችልም። ወላሂ አልችልም!»

እንባዋና ሳቋ አንድ ላይ መጣ። «ያን ቀን እንዲህ ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«አዘጋጅ አልነበረኝም።»

ፊቷን በሻርፗ ጠረገች። «አንተስ? አንተ ምን ትሆናለህ?»

«የእኔ ውል አንድ ዓመት ይቀረዋል።»

«እንግዲያው ቦታህ ላይ ቁም ነጂው» አለችኝ። «እስክጠራህ አትነቃነቅ። ግን እጠራሃለሁ። ኢንሻአላህ እጠራሃለሁ!»

ሰልሰቢል አልፈርምም ስትላት ማዳሟ ቅር ብሏት ነበር፤ ሆኖም ኹሩጁን መታችላት። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወደ ደማም አየር ማረፊያ ያደረስኳት እኔ ነኝ። ኑርሀያትም አብራን መጥታ ከኋላ ተቀምጣ ስታለቅስ ነበር። ሰልሰቢል አላለቀሰችም። ደብተሬን ጭኗ ላይ አድርጋ የሽፋኑን ጫፍ ታቃናለች፤ ታቃናለች። እኔም መንገዱን ብቻ አሰብኩ።

ያ ዓመት ረጅም ነበር። በየዓርቡ ትደውላለች፤ ስለ መምህሮቿ፣ ስለ ልምምዱ ታወራኛለች። «በላህ?» ስትለኝ «በልቻለሁ» እላለሁ። «አትዋሸኝ፣ ያንን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ!» ትለኛለች። ግንቦት ላይ ሽማግሌዎቼ ደሴ አባቷ ዘንድ ሄዱ። አባቷ ልጃቸው እስክትመረቅ ጠብቁ አሉ፤ ኒካሑ ከምርቃቷ ሳምንት በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። ከዚያ አንድ ዓርብ ሌላ ወሬ ሳትጀምር፣

«ሀምዳን... አሁን ና» አለችኝ።

ሰኔ ላይ አዲስ አበባ፣ የዩኒቨርሲቲው የትያትር አዳራሽ ውስጥ፣ ከአባቷ አጠገብ ተቀምጬ የመመረቂያ ሥራዋን አየሁ። «ደህና ነኝ እማ» ነው። መድረኩ ሰፊ ነው፣ መብራቱ ተቆጥሮ አያልቅም፣ ባሕሩ ግን ያው ሰማያዊ ናስትሮ ነው። ልጅቷ ሸሚዝ ተኮሰች። ከኋላዬ አንድ ሰው ሲያለቅስ ሰማሁ። አባቷ ጉልበቴን ይዘው «ይሄን የሠራችው የእኔ ልጅ ናት?» አሉኝ። «የእርስዎ ልጅ ናት አባባ» አልኳቸው።

ሲያልቅ አዳራሹ ተነስቶ አጨበጨበ። ተዋናዮቹ እጅ ነስተው አዘጋጇን ጎትተው አወጧት። እንዲህ ሰው ሁሉ ሲያያት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ደብተሬን ይዛለች፣ የዘይት ቅያሪዋን ደብተር! ጎኗ ባዶ ነው። ወለሉን አየሁ፤ ከእግሯ አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ አረንጓዴ መስቀለኛ ምልክት ተለጥፏል።

«ሀምዳን!» አለች። «ግባ!»

እግሬ እንዴት እንዳደረሰኝ አላውቅም። መድረኩ ጫፍ ስደርስ ቱቅባ እንደለመድኩት ጫማዬን አወለቅኩ። የግራ ካልሲዬ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል፤ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ሄጄ አረንጓዴዋ ላይ ቆምኩ።

«እዚህ ነው?» አልኳት።

«እዚያ ነበር» አለችኝ። «አሁን ትንሽ ወደ እኔ ጠጋ በል።»

ጠጋ አልኩ።